የአሜሪካ ምዕራብ የፈጣን መልእክት ፖስታዎች አሰባሰብ

የአሜሪካ ምዕራብ የፈጣን መልእክት ፖስታዎች የሚባሉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይም በወርቅ ፍለጋው ዘመን፣ በግል አጓጓዦች እጅ ያለፉ የደብዳቤ ፖስታዎች ናቸው። ሰብሳቢዎቹ የሚሹት ቴምብሩን ብቻ አይደለም፤ ፖስታውን ከነማኅተሙ፣ ከነአድራሻውና በዳር ከተጫረበት ማስታወሻ ጋር ነው። ቴምብሩን በውኃ ነክሮ ያላቀቀ ሰው በዚህ ሙያ ዓይን ሰነዱን አጥፍቶታል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከካሊፎርኒያ ነው። በጃንዋሪ 1848 ኮሎማ ላይ ወርቅ ሲገኝ ሕዝብ ወደ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ሸለቆዎች ጎረፈ፤ ፖስታ ቤት ግን በዚያው ፍጥነት ሊከተለው አልቻለም። ደብዳቤው ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ይከማቻል፤ ቆፋሪው ደግሞ ጉድጓዱን ጥሎ ለመውረድ አይደፍርም፤ ሲመለስ ሌላ ሰው ይዞት ሊያገኘው ይችላልና። በ1849 አሌክሳንደር ቶድ የተባለ ሰው የቆፋሪዎችን ስም መዝግቦ ወደ ከተማ እየወረደ ደብዳቤያቸውን ያመጣላቸው ጀመር። ለአንድ ደብዳቤ አንድ ወቄት ወርቅ፣ በዘመኑ ዋጋ 16 ዶላር ያህል፣ ይቀበል እንደነበር ይነገራል። እርሱን ተከትለው ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ተነሡ፤ አንዳንዶቹ አንድ ሰውና አንድ በቅሎ ከመሆን አላለፉም።

ሕጉ ለእነዚህ ሰዎች አይመችም ነበር። የ1845 ሕግ የግል አጓጓዦች በፖስታ መስመሮች ላይ ደብዳቤ እንዳያመላልሱ ይከለክላል። መላው የተገኘው በኦገስት 1852 በወጣው ሕግ ነው፤ የመንግሥት ቴምብር በታተመበት ፖስታ ውስጥ የገባ ደብዳቤ በግል አጓጓዥ ቢሄድም ሕጋዊ ሆነ። ድርጅቶቹ እነዚህን ፖስታዎች ከመንግሥት እየገዙ የራሳቸውን የክፍያ ምልክት አትመውባቸው ይሸጡ ነበር። መንግሥት ላልተሸከመው ደብዳቤ ገንዘቡን ያገኛል፤ ደንበኛውም ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ዛሬ በሰብሳቢው አልበም ውስጥ የመንግሥትና የድርጅት ምልክት ጎን ለጎን የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሄንሪ ዌልስና ዊሊያም ፋርጎ በ1852 ያቋቋሙት ዌልስ ፋርጎ የተባለው የባንክና የመልእክት ድርጅት በዚሁ ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። በፌብሩዋሪ 1855 የባንኮች ቀውስ ሲመጣ ትልቁ ተፎካካሪው አዳምስ ኤንድ ካምፓኒ ወደቀ፤ ዌልስ ፋርጎ ግን ለጥቂት ቀናት በሩን ዘግቶ ዳግም ከፈተ። ከዚያ በኋላ በምዕራቡ የደብዳቤ ሥራ የሚስተካከለው አልተገኘም፤ ይህን ክብር ማንም አይነፍገውም።

ከሁሉ በላይ የተጻፈለት ግን በፈረሰኞች ቅብብል ደብዳቤ ያደርስ የነበረው የፖኒ ኤክስፕረስ አገልግሎት ነው። በኤፕሪል 3 ቀን 1860 ከሚዙሪው ሴንት ጆሴፍ ተነሥቶ፣ እስከ ሳክራሜንቶ 3,100 ኪሎ ሜትር ያህሉን በ10 ቀን ገደማ ይሸፍን ነበር። ፈረሰኛው በየ16 እስከ 24 ኪሎ ሜትሩ ፈረስ ይለውጣል። ደብዳቤዎቹ የሚቀመጡት በኮርቻ ላይ በሚጣል፣ አራት ኪስ ባለው የቆዳ ልባስ ውስጥ ነው፤ ሌላ ፈረስ ሲቀርብ ልባሱ ተነሥቶ ይጣልበታል እንጂ ኮርቻ ሲፈታ አይዋልም። ክፍያው በመጀመሪያ ለግማሽ አውንስ 5 ዶላር ነበር፤ በኤፕሪል 1861 ወደ 2፣ በጁላይ ደግሞ ወደ 1 ዶላር ወረደ። የፕሬዚዳንት ሊንከን የማርች 1861 የሹመት ንግግር በ7 ቀን ከ17 ሰዓት ደርሷል ይባላል። በኦክቶበር 24 ቀን 1861 የቴሌግራፉ ሽቦ ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ተገናኘ፤ አገልግሎቱም በቀናት ውስጥ ተዘጋ። ባለቤቶቹ ራስል፣ ሜጀርስና ዋደል ያተረፉት ዕዳ ነው።

ከዚህ አገልግሎት የተረፉት የሚታወቁ ፖስታዎች 250 ያህል ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱ የተለዩ ናቸው። በ1860 የአገሬው ተወላጅ የሆነው የፓዩት ሕዝብ ከሰፋሪዎች ጋር በተዋጋበት ዓመት ጠፍተው በ1862 ወደ ኒው ዮርክ የደረሱ ሲሆን፣ በላያቸው በ1860 በሕንዶች (በዘመኑ የአሜሪካ ተወላጆች የሚጠሩበት ስም) ከተሰረቀ መልእክት የተገኙ መሆናቸው በእጅ ተጽፎባቸዋል። ስርቆት የሚለው ግን የጸሐፊው ቃል ነው፤ መንገዱ የሚያልፈው በፓዩቶች ምድር ነበር። በምዕራብ ትርኢቶቹ የታወቀው ቡፋሎ ቢል በልጅነቱ ፈረሰኛ ነበር የሚለው ወሬ አከራካሪ ነው። ወላጅ አልባ ወጣቶች ይመረጣሉ የሚለው ዝነኛ ማስታወቂያ ደግሞ የዘመኑ ዋና ቅጂ ስላልተገኘለት ባይጠቀስ ይሻላል።

አስመሳይ ሥራ በብዛት የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው። መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው ቀኑን ነው። ፈረስና ፈረሰኛ ያለባቸው የዌልስ ፋርጎ የፖኒ ኤክስፕረስ ቴምብሮች የወጡት በኤፕሪል 1861 ነው፤ ባለ 2 ዶላሩ ቀይ፣ ባለ 4 ዶላሩ አረንጓዴ ነበር። በጁላይ ቀለሙ ተቀየረ፤ ቀዩ ባለ 1 ዶላር፣ አረንጓዴው ባለ 2፣ ጥቁሩ ባለ 4 ሆነ። እንግዲህ በ1860 ክረምት ማኅተም ላይ ፈረሰኛ ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ፣ ወይም በሜይ 1861 የተላከ ባለ አረንጓዴ 2 ዶላር፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል አይታመንም። ቀጥሎ የቴምብሩ ማኅተም ወደ ፖስታው ወረቀት ተሻግሮ መስመሩ መግጠሙ ይታያል። ገዢዎች በ1945 ኒው ዮርክ ላይ ከተቋቋመው፣ የቴምብርና የፖስታን እውነተኛነት ከሚመረምረው የፊላቴሊክ ፋውንዴሽን የምስክር ወረቀት መጠየቃቸው የተለመደ ነው።

የኮሎራዶ፣ የአይዳሆና የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ድርጅቶችም የየራሳቸው ሰብሳቢዎች አሏቸው። ጥቂት ወራት ብቻ የሠራ የአንድ ሰው ድርጅት ማኅተም ከፈረሰኛው ዝና ጋር ባይወዳደርም፣ በብርቅነቱ ግን ሊበልጠው ይችላል። ኧርነስት ዊልትሲ የተባሉት መሐንዲስ ያሰባሰቡት ትልቅ ክምችት ሳን ፍራንሲስኮ ወደሚገኘው የዌልስ ፋርጎ ቤተ መዘክር ገብቷል። ዌልስ ፋርጎ ራሱ የደብዳቤ ሥራውን ያቆመው በ1895 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዐሥርት ዓመታት የላካቸው ተራ ፖስታዎች በብዛት ስለተረፉ ለጀማሪ ሰብሳቢ ኪስ አይከብዱም።