ካንሰሩን የሚዋጉት ሴሎች የት እንዳሉ በፔት ስካን ማየት

ጎጃም ውስጥ ማር ቆራጭ ቀፎውን ሳይከፍት ጆሮውን አስጠግቶ ንቡ መኖር አለመኖሩን ይሰማል። ኢሚውኖቴራፒ የሚወስድ የካንሰር ታማሚ ላይም የሚፈለገው እንደዛ ነው፣ እጢው ውስጥ ቲ ሴል፣ ማለትም ካንሰርን የሚዋጋው የሰውነታችን ተከላካይ ሴል፣ ገብቷል ወይስ አልገባም የሚለውን ሰውነቱን ሳይከፍቱ ማወቅ።

ኬሞ ካንሰሩን ራሱን ነው የሚመታው፣ እዚህ የምናወራው ኢሚውኖቴራፒ ግን የሰውነታችን ተከላካይ ሴሎች ላይ የተያዘውን ፍሬን ይለቅና እነሱ እንዲዋጉ ያደርጋል። ከነዚህ መድኃኒቶች አይፒሊሙማብ እ.ኤ.አ. በ2011 ተፈቀደ፣ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014 ተከተሉ፣ ከግኝቱ ጀርባ ያሉት ተመራማሪዎች ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ ደግሞ በ2018 ኖቤል ወሰዱ።

ችግሩ ሲቲ ስካን የሚለካው መጠን ብቻ መሆኑ ነው። አክስቴን ከደብረ ማርቆስ አባይ በረሃን አቋርጠን አዲስ አበባ ስንወስዳት የሲቲ ፊልሟን በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛው ነበር፣ "አድጓል ነው የሚለው?" ብላ ስትጠይቀኝ እኔ ማንበብ የቻልኩት ሴንቲሜትሩን ብቻ ነው። ኢሚውኖቴራፒ ላይ ደግሞ አንዳንዴ ቲ ሴሎቹ ግር ብለው ሲገቡ እጢው ያብጥና ያደገ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ካደገ አብዛኛውን ጊዜ የምር አድጎ ነው፣ ግን መድኃኒቱ እየሰራ ላለ ሰው ህክምናው እንዳይቋረጥበት ሲባል ከ4 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ስካኑ ድጋሚ ይነሳል። የተለመደው ፔት ስካንም፣ ጨረር ያለው ነገር በደም ስር ተሰጥቶ የት እንደተሰበሰበ የሚታይበት ምርመራ፣ እዚህ ጋር ያምታታል፣ የሚያሳየው ስኳር የሚበላውን ስለሆነ ካንሰሩም የሚዋጋው ቲ ሴልም ሁለቱም ሊበሩ ይችላሉ።

አዲሱ ዘዴ ሲዲ8 የሚባለውን፣ ገዳዮቹ ቲ ሴሎች ላይ ያለውን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዝ የአንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ቁራጭ ጨረር ከሚለቀው ዚርኮኒየም 89 ጋር አያይዞ በደም ስር መስጠት ነው። የዚርኮኒየሙ ጨረር በግማሽ ለመቀነስ 78 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ አንቲቦዲው ቀስ ብሎ ቦታው እስኪደርስ ተጠብቆ በማግስቱ ወይም ከዛ በኋላ ፎቶው ይነሳል። ጣፊያ፣ መቅኔና ንፍፊት ጤነኛ ሰው ላይም ይበራሉ፣ የቲ ሴል ቤት ናቸውና። ዋናው ጥያቄ እጢው ነው፣ መሃሉ ድረስ በርቷል፣ ዳር ዳሩን ብቻ ነው ወይስ ጨለማ ነው? ባዮፕሲ ይሄንን ከአንድ ቦታ ቆንጥሮ ነው የሚነግረን፣ ጉበት ላይ ያለው እጢ ሳንባ ላይ ካለው ሊለይ ይችላል፣ ለኔ የዚህ ፎቶ ትልቁ ጥቅም ሁሉንም ባንዴ ማሳየቱ ነው።

ሴል በሴል ግን አያሳይም፣ የተሰበሰቡበትን ቦታ እንጂ። መኖራቸውን ቢናገርም እየተዋጉ ይሁን ደክመው ቆመው አይለይም፣ ለዛ ሲባል ቲ ሴል ሲገድል የሚለቀውን ግራንዛይም ቢ የሚከታተል ሌላ መከታተያም እየተሞከረ ነው። ሲዲ8 ፔት ራሱ በዋናነት ምርምር ላይ ነው ያለው። እሱ እስኪደርሰን ድረስ ከጎጃም ለክትትል የምትመጡ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን የድሮው ስካን ያለበትን ዲስክና ፊልም ይዛችሁ ኑ፣ ሀኪሙ አዲሱን የሚያነበው ከሱ ጋር አስተያይቶ ነው።