«ለውስጥ ሰላሜ ስል ቆረጥኩት»

ሐምሌ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ሐዋሳ የመጣችሁም፣ እዚሁ ያላችሁም እንኳን አደረሳችሁ። ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ከምእመናን አፍ የማትጠፋ አንዲት አነጋገር አለች። «ለውስጥ ሰላሜ ስል ቆረጥኩት።» የሚቆረጠው ደግሞ ወንድም ነው፤ የክርስትና እናት ናት፤ የጽዋ ማኅበር ጓደኛ ነው። አንዷማ «ብሎክ ካደረግኳት ወዲህ ገብርኤል ሰላም ሰጠኝ» አለች። ምነው ገብርኤልን እዚህ ውስጥ ባናስገባው!

በዕለቱ የተነበበልን የቂርቆስና የኢየሉጣ ታሪክ ነው። እናት ስለ እምነታቸው ሊጣሉበት የፈላውን ውሃ አይታ ስትፈራ፣ የ3 ዓመት ልጇ አጽናናት። መልአኩም የደረሰላቸው እዚያው እሳቱ ላይ ነው።

«ሰላምን እተውላችኋለሁ፥ ሰላሜን እሰጣችኋለሁ» (ዮሐ. 14፥27)። ይህን ቃል እወደዋለሁ። የተነገረው ሐሙስ ማታ ነው። ይሁዳ ሊሸጠው ወጥቷል። ጴጥሮስ ሊክደው ሰዓታት ቀርተውታል። ጌታችን ሁሉንም እያወቀ ሰላሙን ሰጣቸው። ከትንሣኤው በኋላም በተዘጋው በር የገባው ጥለውት ወደ ሸሹት ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ «የት ነበራችሁ?» እል ነበር። እርሱ «ሰላም ለእናንተ ይሁን» አላቸው። ከዚያ እጁንና ጎኑን አሳያቸው። ቁስሉን አልደበቀም፤ ቂምም አልያዘባቸውም።

እኛ ግን በቅዳሴ ዲያቆኑ «ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት ወፍቅር» (ስለ ፍጹም ሰላምና ፍቅር ጸልዩ) ሲል ለግራ ለቀኙ ጎንበስ እንላለን። የተኳረፍናት ሴት ሦስት ሰው አልፋ ከቆመች፣ ነጠላችንን ፊታችን ላይ ሳብ አድርገን ፊታችንን እናዞራለን። ቀጥለን እንቆርባለን። ይኼ ያስፈራኛል፤ እውነቴን ነው።

ቤቱ ውስጥ ዱላ የሚቀምስ ሰው ይራቅ፣ ነፍሱን ያትርፍ። እኔ የማወራው ስለ ኩርፊያ ነው።

በእውነተኛ ሐዘን እንቅልፍ ያጣችሁ ደግሞ አይዟችሁ። «ልባችሁ አይታወክ» ያለው ጌታ ራሱ በዚያች ሌሊት በመንፈሱ ታውኳል (ዮሐ. 13፥21)። ልባችሁ ስለታወከ እምነት የላችሁም የሚላችሁን አትስሙት።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ሱባኤ ልትይዙ ያሰባችሁ፣ ከዚያ በፊት ስልኩን ከብሎክ አውጡና ደውሉ። «ይቅር በለኝ» በሉት። ባያነሳ ማግስቱን ድገሙት። ብቻችሁን ከከበዳችሁ ንስሐ አባታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሥራቸው ነው።