በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ምርምር፦ ከስሜን ተራሮች እስከ መተማ ቆላ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አመሠራረት ከወረርሽኝ ጋር የተያያዘ ነው። በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከቀጠፈ በኋላ፣ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሥራ ጀመረ። ሰውን ስለሚያሳምሙ ሕያዋን የመጠየቅ ልማድ ዛሬም በሥነ ሕይወት መምህራንና ተማሪዎች ሥራ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ለዚህም የአካባቢው መልክዓ ምድር ያግዛቸዋል፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው የራስ ደጀን ውርጭ አንሥቶ ከ1,000 ሜትር በታች እስከሆነው የመተማ ቆላ ድረስ ያለው ሁሉ የምርምር ሜዳቸው ነው።

በብዛት ከሚጠኑት ርዕሶች አንዱ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በጎርጎራና በደምቢያ ቀበሌዎች የሚገኘው ቢልሃርዚያ የተባለው የጥገኛ ትል በሽታ ነው። ተመራማሪው ከትምህርት ቤት ልጆች የሰገራ ናሙና ይሰበስባል፤ ካቶ ካትዝ በተባለው ዘዴ 41.7 ሚሊግራም የሚይዘውን የመለኪያ ቀዳዳ ሞልቶ በመስታወት ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ የቆጠራቸውን የጥገኛ ትል እንቁላሎች በ24 አባዝቶ በአንድ ግራም ውስጥ ያለውን መጠን ያገኛል። ሥራው አድካሚ ቢሆንም የየትኛው ትምህርት ቤት ልጆች በብርቱ እንደተጠቁ ያለ እርሱ ማወቅ ያስቸግራል። ልጆቹ የሚዋኙበትን ወንዝ ወርዶ በሽታውን የሚያሸጋግሩትን ቀንድ አውጣዎች መፈለግም የዚሁ ጥናት ሌላ ወገን ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ከደረሱበት ወዲህ፣ የአገር እጽዋትን በዚህ ረገድ መፈተሽ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የታወቀ መንገድ ሆኗል።

ካላዛር የተባለው የጥገኛ ተሕዋሲ በሽታ ደግሞ የቆላው ጉዳይ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በሑመራና በመተማ ሜዳዎች፣ ዋልካ አፈር በሚሰነጠቅበትና ግራር በሚበዛበት ስፍራ ትገኛለች። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም ሜዳ ላይ ስለሚያድር ለንክሻዋ ይጋለጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም በሽታው መድኃኒት የተለማመደ ወባ ተብሎ ሲጠረጠር ቆይቶ ካላዛር መሆኑ መረጋገጡ፣ ነፍሳትን የሚያጠና ባለሙያ ከሐኪም ጎን መቆም እንዳለበት በግልጽ አሳይቷል። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሚገኘው የሌይሽማኒያሲስ (ካላዛር የሚመደብበት የበሽታ ወገን) ምርምርና ሕክምና ማዕከልም ሕክምናውንና ጥናቱን አንድ ላይ ይዟል።

ወደ ደጋው ሲወጣ ጥያቄው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የዋልያ፣ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። ጭላዳ በዋነኝነት ሣር የሚበላ እንስሳ ነው፤ ሆኖም ገብስ በሚደርስበት ወቅት ከገበሬው ጋር ይጋጫል። የማስተርስ ተማሪዎች መንጋውን እየተከተሉ ስንቱ እንደሚግጥ፣ ስንቱ እንደሚያርፍ በየተወሰነ ደቂቃ ይመዘግባሉ፤ ገበሬዎችንም ስለደረሰባቸው ጉዳት ይጠይቃሉ። በእኔ አስተያየት ከእነዚህ ጥናቶች ይበልጥ የሚጠቅመው የገበሬው ቃል ከእንስሳው ባሕርይ ጋር ተነጻጽሮ የቀረበበት ነው፤ መጠይቅ ብቻውን የደረሰውን ጉዳት አግዝፎ ወይም አሳንሶ ሊያሳይ ይችላልና።

የመድኃኒት እጽዋት ጥናትም ሰፊ ድርሻ አለው። ተማሪው ከአገር ሽማግሌዎችና ከባለመድኃኒቶች ጋር ተቀምጦ ስለ ዳማከሴ፣ ስለ ስሚዛ፣ ስለ ብሳናና ስለ ኮሶ አጠቃቀም ይጠይቃል፤ ቅርንጫፉን ከነአበባው ቆርጦ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ እንዲደርቅ ያደርጋል፤ ሳይንሳዊ ስሙንም ቀድሞ ከተሰበሰቡ ናሙናዎች ጋር አመሳክሮ ይለያል። ዕውቀቱ ከአባት ለልጅ በምስጢር የሚተላለፍ በመሆኑ እምነት ማግኘት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህም ውጤቱ ዕውቀቱን ለሰጡት ሰዎች በአማርኛ ተጽፎ መመለስ ይገባዋል።

በቤተ ሙከራ ደግሞ በእርጎ፣ በጠላና በእንጀራ እርሾ ውስጥ የሚገኙ ረቂቅ ተሕዋስያን ይለያሉ።

ጣናን በተመለከተ ሁለት ጉዳዮች ይያያዛሉ። ሐይቁ በሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል የላቢዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉት፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል መገጭንና ድርማን ወደመሳሰሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭ የተስፋፋውም በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ ነው። አረሙ የወንዙን አፍ ሲሸፍን፣ ዓሣ አጥማጁም በዚያው ወቅት መረቡን ከወንዙ አፍ ላይ ሲዘረጋ፣ ለመራባት የሚወጣው ዓሣ መንገዱ በሁለት በኩል ይዘጋበታል።