«ኃይለኛ ውሻ አለ»፦ በራችን ላይ የጻፍነው ምስክርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ሰው ስለ ገደለ በሬ ሁለት ፍርድ ይሰጣል። በሬው ከዚያ በፊት ተዋጊ ካልነበረ እርሱ ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው (ቁ. 28)። አስቀድሞ ተዋጊ መሆኑ ለባለቤቱ ተመስክሮለት ሳይጠብቀው ከቀረ ግን ባለቤቱም በሞት ይጠየቃል (ቁ. 29)። በሬው ያው በሬ፣ ሟቹም ያው ሰው ነው። ፍርዱን የለወጠው የባለቤቱ ማወቅ ነው።

በቆርቆሮው በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብለን ስንጽፍ መንገደኛውን ያስጠነቀቅን ይመስለናል። ጽሑፉ ግን አስቀድሞ የሚመሰክረው በእኛው ላይ ነው፤ ማወቃችንን በገዛ እጃችን ጽፈናልና። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን አያነበውም፤ በሌሊት ለኪዳን የሚገሰግሱ እናትም በጨለማ አይታያቸውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ ከዚህም የጠነከረ ነው፦ በአንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ፣ ጉዳቱም ያልታሰበ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ኃላፊ ነው። «አምልጦኝ ነው» የሚለው መልስ አያድንም።

ውሻው ለምን እንዲህ ሆነ? ቡችላ ሰውን መልመድ ያለበት በተለይ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። ያን ጊዜ ከቤተሰቡ በቀር ሰው ሳያይ ካደገ እንግዳ ሁሉ ያስፈራዋል፤ የብዙ ውሻ ንክሻም ከፍርሃት ይነሣል። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ሲታሰር ደግሞ መሸሽ ስለማይችል መናከስን ይመርጣል። ሌላም አለ፦ ውሻው በአጥር ሥር ይጮኻል፣ መንገደኛው መንገዱን ይቀጥላል፣ ውሻው ግን «ጮኼ አባረርሁት» ብሎ ይማራል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም በሩ ክፍት የተገኘ ዕለት እስከ መንገድ ይከተላል። ይበልጥ ኃይለኛ ይሁን ብሎ ማስራብና መደብደብማ ኃጢአት ነው፤ «ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» (ምሳ. 12፥10)።

ኦሪት ዘዳግም 22፥8 ቤት የሠራ ሰው ከጣሪያው ማንም እንዳይወድቅ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። የእኛ መከታ አጥሩና በሩ ነው። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት እንድፈነው፤ የውሻው ጭንቅላት ካለፈ ብዙውን ጊዜ ገላውም ያልፋል። መንገደኛ በሚታይበት በኩል አጥሩን በቆርቆሮ ብንጋርደው ጩኸቱም ይቀንሳል። ለመኪናም ሆነ ለእንግዳ በር ከመክፈታችን በፊት ውሻውን እንሰረው፤ ከከፈቱ በኋላ ማባረር ዘግይቷል። ሌሊት የሚፈታውም ከግቢው ውስጥ ብቻ ነው፤ የሰፈሩን መንገድ እንዲጠብቅ ማንም አልሾመውም። ይዘነው ስንወጣ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር በሆነ ማሰሪያ ይሁን፤ ሰው ሲመጣ ገመዱን አሳጥረን በሰውየውና በውሻው መካከል እንቁም። «አይነክስም» ማለት ለፈራ ሰው ምንም አያደርግለትም።

ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይውሰድ፤ ሐኪሙ በሚነግረን ጊዜም ይደገምለት፣ ካርዱንም እናስቀምጥ።

ከነከሰ ግን ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ። ቡናም አመድም አይነስነስበት። የተነከሰው ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ጸበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፣ ክትባቱን ግን አይተው፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር የሚለው እግዚአብሔር ስለ ፈጠረው ነው። ውሻውን በችኮላ አንግደለው፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ፤ ቢታመም ወይም ቢሞት በዚያው ሰዓት ለጤና ጣቢያው እንንገር።

የዚያው የዘጸአት 21 ቁጥር 19 ሰውን መትቶ ያቆሰለ ሥራ ላስፈታበት እንዲከፍልና እንዲያሳክመው ያዝዛል። የተነከሰ ሰው ክትባቱን ለመጨረስ ደጋግሞ መመላለስ አለበት። ስለዚህ የሕክምናውን፣ በየቀጠሮው የትራንስፖርቱን፣ የቀን ሠራተኛ ከሆነም የዋለበትን ቀን ሒሳብ፣ ቀበሌ ሳይጠራን፣ ቤቱ ድረስ ሄደን እንስጠው።