በአዳማ ፀሐይና አቧራ የመኪና ቀለምን ቤት ውስጥ ፖሊሽ ማድረግ

ፖሊሽ ማድረግ ማለት ወዙ የጠፋን የመኪና ቀለም በሚፈገፍግ ቅባት አሽቶ መልሶ ማብራት ነው። ብዙ ሰው ቀለሙ ላይ የሆነ ነገር የሚጨመር ይመስለዋል። ፖሊሽ ግን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በዛሬዎቹ መኪኖች ላይ ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል ግልጽ ሽፋን አለ። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከፀጉር ዘለላ ይቀጥናል። ጭረት የሚጠፋው የዙሪያው ክሊር ተፍቆ ከጭረቱ ጋር እኩል ሲሆን ነው። ስለዚህ አንድ መኪና የሚችለው ፖሊሽ የተቆጠረ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ካስወደደ ወዲህ ደግሞ ያለችውን ጠብቆ ማቆየት ግድ ሆኗል።

አዳማ ለቀለም ከባድ ከተማ ናት። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች ፀሐዩ ይበረታል። ነፋሷም ቢሆን በድምሩ 204 ሜጋዋት አቅም ያላቸውን ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያስተከለ ነው። የአካባቢው አፈር የእሳተ ገሞራ አመድ ስላለበት አቧራው ይቧጭራል። ጠዋት ተነስቶ ኮፈኑን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ንጽሕና ይመስላል፤ ለቀለሙ ግን ከዚህ የከፋ ልማድ የለም። ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር የሚታየው ክብ ክብ ጭረት ከዚያ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ ግማሹ ሥራ እጥበት ነው። መጀመሪያ አቧራው ሳይነካ እንዲወርድ ውኃ ብቻ በደንብ ይፈስበታል። ከዚያ ሁለት ባልዲ ይያዛል፤ አንዱ ለሳሙና፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። ታጥቦ ካለቀ በኋላ እጅን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገብቶ ኮፈኑን ዳበስ ማድረግ ነው። በባዶ እጅ ለስላሳ የመሰለው ቦታ በፌስታሉ ሲነካ አሸዋ አሸዋ ይላል። ይህ የተጣበቀ ቆሻሻ ሳይነሳ ፖሊሽ አይጀመርም።

ሥራው የሚያምረው ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይከር፣ ጥላ ሥር ነው። መዳፍ ሲያርፍበት ቆርቆሮው መቀዝቀዝ አለበት፤ ከጋለ ቅባቱ ይደርቃል። ከደቃቁ ፖሊሽ መጀመር ይሻላል፤ እሱ ካልበቃ ብቻ ወደ ሻካራው ይኬዳል። ሁለት ስንዝር የምታህል ቦታ አሽቶ፣ ጠርጎ፣ አይቶ መቀጠል ነው። ጠርዝ ላይ ሽፋኑ ስስ ስለሆነ እጅ መቅለል አለበት። ጥፍር የሚይዘው ጭረት በፖሊሽ አይጠፋም። ክሊሩ የተላጠም እንደዚያው፤ ቀለም ቤት ነው የሚሄደው። ክሊር የሌላቸው የድሮ መኪኖች ላይ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ቢወጣ አያስደነግጥም። ላዩ የነጣው ንብርብር ነው የሚነሳው።

መጨረሻ ላይ ሰም ይቀባል። በአዳማ ፀሐይ ሰም ብዙ አይቆይም። ውኃ ሲረጭበት ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ ከተንከባለለ ሰሙ አለ። ተዘርግቶ ከቀረ እንደገና ሰም ይቀባል፤ ፖሊሹ ግን አይደገምም።