ከሰሉ አላለቀም፦ ስለ ድንጋይ ከሰል ባቡሮች የሚወሩ ስህተቶች

አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የቤት ማሞቂያ ነው የምጠግነው። የዛገ ሐዲድ ያየ ሁሉ "ከሰሉ ሲያልቅ ባቡሩም ቆመ" ይለኛል። ሰለቸኝ! (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ትንንሾቹን ቶሎ እንጨርሳቸው።

"ባቡር የተጀመረው ሰው ለማጓጓዝ ነው።" በ1825 እንግሊዝ ውስጥ የተከፈተው የስቶክተንና ዳርሊንግተን መስመር ዋና ሥራው ከሰል ማመላለስ ነበር።

"የከሰል ባቡርን የገደለው ናፍጣ ነው።" ባቡሩ የሚያነደውና የሚጭነው ከሰል ለየቅል ነው። ኖርፎክ ኤንድ ዌስተርን የተባለው የአሜሪካ ባቡር ኩባንያ በ1960 እንፋሎትን ትቶ ወደ ናፍጣ ሲዞር ከሰል መጫኑን አላቆመም።

አሁን ወደ ዋናው። የሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬንያ ከሰል አንትራሳይት ይባላል፤ ጠንካራ ነው፣ ጭሱም ትንሽ። በ1917 ወደ 100 ሚሊዮን ቶን ወጥቷል። ዛሬ የሚወጣው የዚያን ቁራጭ አያክልም። ግን መሬት ውስጥ ገና በቢሊዮን የሚቆጠር ቶን አለ። ያለቀው ገዢው ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ ከኔ ጋር ምድር ቤት ውረዱ። የፊላዴልፊያ የድሮ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በመንገዱ በኩል፣ ትንሽ የብረት መዝጊያ አለች። ከሰሉ የሚገለበጠው በሷ ነበር። ከሥሯ ያለው ግድግዳ ዛሬም ጣት ያጠቁራል። አባወራው ማታ ማሞቂያው ውስጥ በአካፋ ይጨምራል፣ ጠዋት አመድ ይዝቃል። በዚያ ላይ የ1902 እና የ1925 የማዕድን ሠራተኞች አድማዎች አሉ፤ ከሰል ሲጠፋ ሰዉ ሌላ ማገዶ ፈለገ። መጀመሪያ የማሞቂያ ነዳጅ ዘይት መጣ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ከቴክሳስ በቧንቧ ጋዝ። ቁልፍ እየተጫነ ማን ወደ አካፋ ይመለሳል?

ሬዲንግ፣ ሊሃይ ቫሊና ኒው ጀርሲ ሴንትራል የተባሉት የባቡር ኩባንያዎች ያደጉት በዚህ ከሰል ነው። ጭነቱ ሲሄድ፣ ጎን ለጎን የተዘረጉ የተፎካካሪዎች መስመሮች ብቻ ቀሩ። ኒው ጀርሲ ሴንትራል በ1967፣ ሊሃይ ቫሊ በ1970፣ ሬዲንግ በ1971 ከሰሩ። በ1976 መንግሥት ያቋቋመው የባቡር ኩባንያ፣ ኮንሬይል፣ አብዛኛውን መስመር ጠቀለለው። ዛሬ ፊላዴልፊያ ባለው የሬዲንግ ተርሚናል ገበያ ምሳ የሚበላው ሁሉ ከላዩ የባቡር ጣቢያ እንደነበር ትዝም አይለው።

"የከሰል ባቡሮችን ያጠፋቸው የአየር ብክለት ሕግ ነው" የሚሉም አሉ። የ1970ው ሕግ እንዲያውም ለአንዳንዶቹ ሲሳይ ነበር። በምዕራብ አሜሪካ ያለችው የዋዮሚንግ ከሰል ድኙ አነስተኛ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ተሻሙበት፤ ከመቶ በላይ ፉርጎ የሚጎትቱ ባቡሮች ግማሽ አገር ያቋርጡ ጀመር። ከ2008 በኋላ በዋናነት የጣላቸው ርካሽ ጋዝ ነው። አሁንም ጋዝ!

ቤት ልትገዙ ከሆነ ግን አንድ ነገር ስሙኝ። ለከሰል የተሠራ ጭስ ማውጫ ለጋዝ ማሞቂያ ይሰፋል፤ ውስጡ በትክክለኛ ቱቦ መለበጡን አስመርምሩ። ካልሆነ መርዛማ ጭስ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ግቢው ውስጥ የተቀበረ የዘይት ታንከር እንዳለም ሳትፈርሙ ጠይቁ። የሚያፈስ ከሆነ ወጪው የናንተ ነው የሚሆነው።