የባሌ ጦጣና የእንሰት ሥር ትል

የባሌ ጦጣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። መኖሪያው ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ያሉት የባሌ፣ የጉጂና የሲዳማ ደጋዎች ናቸው። በ1902 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን ነው። ጀርባው ቡናማ፣ ጢሙ ነጭና ጥቅጥቅ ያለ ነው። የቅርብ ዘመዶቹ ያገኙትን ሁሉ ሲበሉ እሱ ቀርከሃ ላይ ሙጭጭ ብሏል፤ በኦዶቡሉ ደን የተጠኑት መንጋዎች ከሚመገቡት ሦስት አራተኛ የሚሆነው ቀርከሃ፣ ያውም በአብዛኛው ለጋ ቅጠል ነው።

በዚያው ደጋ፣ እንሰት በሚተከልበት ጓሮ አፈር ውስጥ፣ ፕራቲሌንከስ ጉዴይ የሚባል ትል ይኖራል። ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ወስፋት የሩቅ ዘመዱ ነው፤ ይህኛው ግን አፉ ውስጥ መርፌ መሳይ መውጊያ አለው። በዚያ እየወጋና እየመጠጠ ሥሩን ውስጥ ለውስጥ ያቋርጣል፤ ያለፈበት ይጠቁራል፣ ይሞታል። ሥር የሚያሳብጡት ሌሎች ትሎች ቢያንስ እብጠት ይተዋሉ። ይህኛው ግን ከጥቁር ቁስል በቀር ምልክት ስለማይተው ጉዳቱ በድርቅ ወይም በመሬት መድከም ሲሳበብ ይኖራል።

ሁለቱም በጥቂት ተክል ላይ የሙጥኝ ያሉ ናቸው፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል ነው። ቀርከሃው ሲመነጠር ጦጣው በተቆራረጡ ደኖች ይቀራል፣ ሌላ ቅጠል ይለምዳል፣ ማሳም ይገባል። ያን ጊዜ ይታያል፤ ይባረራል፣ ይገደላልም። ዛሬ ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት ዝርያዎች አንዱ ነው። ትሉን ግን የሚያባርረው ቀርቶ የሚያየውም የለም። እንሰትና ሙዝ የሚራቡት በዘር ሳይሆን ከእናት ተክል በሚወጣ ችግኝ በመሆኑ ገበሬው ራሱ ከጓሮ ወደ ጓሮ ያዛውረዋል። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በሩዋንዳ ደጋዎች ሙዝ ላይም አለ፤ ካናሪ ደሴቶች ድረስ ደርሷል። በእኔ ግምት ከሁለቱ ሰብል በመጉዳት ሊከሰስ የሚገባው እሱ ነው።

መከላከያው ውድ አይደለም። ሙዝ አብቃዮች የችግኙን ሥር ቆርጠው፣ የጠቆረውን ገፍፈው ከ52 እስከ 55 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ይነክሩታል። ውሃው ከዚያ በላይ ከሞቀ ችግኙም አብሮ ሊሞት ይችላል።